የነብሮ አፍንጫ

እኔ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሰው «ስንት ቀን ጾመህ ነው?» ብዬ የማሾፍ ነኝ፣ ስለዚህ ይቺን ስነግርህ ያመንኩባት እንዳይመስልህ፣ ብቻ መተማ ካለው የሰሊጥ እርሻችን ላይ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝ ነው።

ነብሮ የሚባል የማሳ ጠባቂ ውሻ አለን። ቡችላ ሳለ አፍንጫው ጥቁር ነበር፣ ኋላ በምን እንደሆነ ሳናውቅ ቀለሙን እየለቀቀ ሮዝ ሆነ፣ የቆላው ፀሐይም ይልጠው ጀመር። አባቴ ታዲያ ጥላሸት በሰሊጥ ዘይት ለውሶ ጠዋት ጠዋት በአውራ ጣቱ ይቀባዋል፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ደግሞ ግራ ጆሮው ላይ ይጠርገዋል። የጎረቤቱ ማሳ ባለቤት አያ ደስታው «ለሚስትህ ኩል ሳትገዛ ውሻ ትኳላለህ?» እያሉ ሲተርቡት አባቴ እስኪያስለው ይስቅ ነበር። ያኔ ሳቁ ከትራክተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር፣ አሁንም ይናፍቀኛል።

የጠፉ ከብቶች ፍለጋ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ወሬውም የለም። ዘመድ ሁሉ «በቃ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ይውጣልን» ይላል፣ እናቴ ብቻ እምቢ አለች። ዘንድሮ እኔም ከዘመድ ወገንኩና፣ እሷ ወደምትኖርበት ሸሕዲ እሁድ ሄጄ ላግባባት ቆርጬ ነበር።

ዓርብ ከአረም ተመልሼ ማሳው ዳር ያለችው ጎጆ ውስጥ ጋደም አልኩ። ነብሮ ደጅ ነው፣ አፍንጫው እንደተላጠ፣ እውነቴን ነው፣ አባቴ ከሄደ ወዲህ የቀባው የለም፣ እኔም ሰነፍኩ። ሸለብ ሲያደርገኝ ጅራቱ የቆርቆሮ በሩን ኳ ኳ ሲያደርግ ሰማሁ፣ ለባዳ ቢሆን በጮኸ ነበር። ከዚያ በሚያሳዝን ድምፅ አለቃቀሰ። ቀጥሎ የሰው ሳል፣ አንዴ ብቻ።

«ይግቡ አያ ደስታው» አልኩ።

ወጣሁ፣ ሰው የለም፣ ሰሊጡ ገና ጉልበት አልደረሰ፣ መደበቂያ አይሆንም። ጭቃው ላይ የእኔና የውሻው ዱካ ብቻ ነው ያለው። ነብሮ ወደ ድንበሩ አቅጣጫ ያያል፣ አፍንጫው ጥቁር፣ ዘይቱ ገና እርጥብ ነው፣ ግራ ጆሮው ላይም የጣት ምልክት አለ።

ሮጬ አያ ደስታውን ጠየቅኳቸው። «ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ በዚህ ያለፈ የለም ልጄ» አሉኝ፣ የውሻውን ጆሮ ሳሳያቸው ግን አማተቡ።

እሁድ ሸሕዲ ሄጄ እናቴ ፊት ተቀመጥኩ፣ ስለ ለቅሶው መተንፈስ አቃተኝና ያየሁትን ነገርኳት።

«አንተን አላናገረህም?» አለችኝ።

«አላናገረኝም።»

ለቅሶው ቀረ። ሞቶ ከሆነ ለአባቴ ሳላለቅስለት ቀረሁ፣ በሕይወት ካለ ደግሞ፣ እስቲ አንተው ፍረደኝ፣ ደጄ ድረስ መጥቶ እኔን ሳይቀሰቅስ ለምን ሄደ?