የጠፋው መንቀጥቀጥ

ወርቅ ቢጠፋ ሌባ ይፈለጋል። ሮማ ካለው ላቦራቶሪ የጠፋው ግን መንቀጥቀጥ ነበር።

አንድ ኬሚካል «ቁጥር ሰባት» ተብሎ ለአምስት አገር ላቦራቶሪዎች ተላከ። አይጦች ጠጥተውት ሲራመዱና ሽቦ ሲጨብጡ ይታያሉ፤ ነርቭ የሚጎዳ ከሆነ አምስቱም ጋ እኩል መታየት አለበት። የአራቱ አገር አይጦች ተንቀጠቀጡ። የሮማዎቹ እንደ እምቦሳ ቦረቁ። የኬሚካሉን ስም የያዘውን የታሸገ ፖስታ እንድትከፍት የተፈቀደላት፣ ልዩነቱን እንድታጣራ የተላከችው ሣባ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፈታኙ ዮሲ ነው።

«ሳታይ ነው ነጥብ የሞላኸው?»

«በማርያም! ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሦስተኛው ላይ ተዋቸው። ለዚህ የሥራ ኮንትራቶዬን ሊቀድዱብኝ ነው?»

የሙከራው ቪዲዮ መሰከረለት። ሣባ የመጠጫ ጠርሙሶቹን አስመረመረች። ከኬሚካሉ ጠብታ እንኳ አልተገኘም። ጠርሙሶቹን የሚሞሉት ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ ከቶር ፒኛታራ ሰፈር እየተመላለሱ አይጦቹን የሚንከባከቡት እማማ ልዕልቲ።

«እማማ፣ ውሃውን ምን አደረጉት?»

መዋሸት አላወቁበትም። «ደፋሁት፣ ልጄ። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥቼ ሰጠኋቸው።»

«ጠበል?!»

«ሲንቀጠቀጡ አንጀቴ አልቻለም። ልክ እንደ ባሌ እንደ ፍሰሃጽዮን! ቲማቲም እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሮ፣ ይኸው ማንኪያ መያዝ አቃተው። አሠሪው ሕመሙ ከመድኃኒቱ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አለን። ጠበቃችን፣ አቮካቶው፣ ትልቅ ምርመራ እየተካሄደ ነው፣ ጠብቁ ይላል። አሎራ፣ እንግዲህ እየጠበቅን ነው።»

ሣባ ክው አለች። ፖስታው ውስጥ ያነበበችው ስም ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እውነቱን ልትደብቃቸው ፈለገች፤ አልቻለችም።

«እማማ፣ ቁጥር ሰባት ባለቤትዎ የረጩት መድኃኒት ነው። የሚጠብቁት ምርመራ ይሄው ነው።»

ልዕልቲ ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ገደልኩት በይኛ።»

«ያደረጉትን ጽፈው ከፈረሙ የሮማ ውጤት ይሰረዛል፤ የአራቱ ይጸናል። ግን ከሥራ ይባረራሉ። የመኖሪያ ፔርሜሶዎም አደጋ ላይ ነው።»

«የት ጋ ልፈርም?»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተንቀጠቀጠ። ልዕልቲ በግራ እጃቸው ቀኙን ያዙት፤ አልቆመም። ሣባ ባዶ እጃቸውን አየች።

«እማማ... ጠርሙሶቹን ሲደፉና ሲያጥቡ ጓንት ያደርጉ ነበር?»

ልዕልቲ በጥያቄው ተገርመው ቀና አሉ።

«ለጠበል ጓንት ይደረጋል እንዴ፣ ልጄ?»