የጋቢናው በር

ይህን የምጽፍላችሁ እንድትፈሩልኝ ብዬ አይደለም። ብታምኑኝም ባታምኑኝም የሆነው ሆኗል። በገዛ እጄ የነካሁትን፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ሌሊት አይደለም። ጨለማም የለበትም።

ጥር ወር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው። ፓራጓይ ውስጥ፣ ከቪያሪካ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሸንኮራ አገዳ መንገድ ላይ።

በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ሰው ምሳውን በልቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። መንገዱ ላይ የሚታየው ሙቀቱ ብቻ ነው... እንደ ውሃ ሲርገበገብ።

እናቴ ግን በዚያ ሰዓት እየነዳች ነበር።

ብላሲዳ ትባላለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቺፓ፣ ማለትም የእኛን የአይብ ዳቦ፣ ጋግራ በአሮጌ ነጭ ቫኗ ከመንደር መንደር እየዞረች ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ስትነዳ አንድ ዶሮ ገጭታ አታውቅም።

ያን ቀን፣ ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጥታ ከዛፍ ጋር ተላተመች።

እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ነፍሷ ግን ተረፈች።

እኔ ልጇ ዴርሊስ ነኝ። የላሜራ ሰው ነኝ፤ የተጨረማመተ መኪና አቃናለሁ። ጋራዤ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ ቫኑን ጎትተው ያመጡት እኔው ዘንድ ነው።

በሰው መኪና ላይ ስንት ደም ጠርጌያለሁ። የእናትን መኪና ማቃናት ግን ሌላ ነው። መሪው ጥምም ያለበትን ቦታ ስታይ የእሷ ደረት ትዝ ይልሃል።

በዘጠነኛው ቀን እናቴ ከሆስፒታል ወጣች። እግሯ በጀሶ ታስሯል። ገና በረንዳው ላይ ሳስቀምጣት ዓይኗ ቫኑ ላይ አረፈ።

ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዴርሊስ... የጋቢናውን በር ነካኸው?»

«አልደረስኩበትም እማዬ። ግራውን ገና መጀመሬ ነው።»

«እንዳትነካው።»

«ለምን?»

«አትንካው አልኩህ። ሌላውን እንደፈለግክ አድርገው። እሱን ተወው።»

«ታዲያ በአንድ በር ልትሸጪ ነው? ደንበኞችሽ "ብላሲዳ ግማሽ መኪና ገዛች" ብለው ይስቁብሻል።»

አልሳቀችም።

እናቴ ሁልጊዜ ቀልዴን በቀልድ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን ክንዴን ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሥራዬን ቀጠልኩ። ግራው በኩል ሁሉም ነገር ልክ ነው። ዛፉን የመታው እሱ ነዋ። ፓውዛው ረግፏል፤ ኮፈኑ ታጥፏል።

ከዚያ ዞሬ የጋቢናውን በር አየሁት።

ቆምኩ...

በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። የተመታ ላሜራ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ዛፍ ይሁን ግንብ ይሁን፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።

ይህ በር ወደ ውጭ ነው ያበጠው።

ቀለሙ ላይ አንድም ጭረት የለም። ከውስጥ የሆነ ነገር ደጋግሞ ገፍቶታል። በሩም ከፍሬሙ ጋር ተናክሶ ነቅነቅ አይልም።

በመስታወቱ አጎንብሼ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።

የቺፓው ቅርጫት ታች ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ቅርጫቱን ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ነው የምታደርገው። በግጭቱ ወድቆ ቢሆን ዳቦው በተበተነ ነበር። አልተበተነም። ጨርቁ እንደተሸፈነ ነው። አንድ ሰው ቦታ ለመልቀቅ አንስቶ ያስቀመጠው ይመስላል።

ማን ነው እዚያ የተቀመጠው?

እውነቱን ልንገራችሁ... እናቴን ጠረጠርኳት። ሰው ገጭታ ይሆን? ወደ ሆስፒታል ልታደርሰው ጭናው፣ መንገድ ላይ ሞቶባት፣ ሸንኮራው ውስጥ ደብቃው ይሆን? እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ። ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አደጋው የደረሰበት ቦታ ሄድኩ። ከዛፉ ማዶ ዶን ፋኩንዶ የሚባሉ ሸንኮራ ቆራጭ ሽማግሌ ይኖራሉ። መጀመሪያ የደረሱላት እሳቸው ናቸው። ቴሬሬ፣ ማለትም የእኛን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ፣ ቀድተው ሰጡኝ።

«ዶን ፋኩንዶ፣ ያን ቀን ምን አዩ?»

«ተወው ልጄ። እዚህ መንደር ሰካራሙ ፋኩንዶ ነው የሚሉኝ። ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንዎታለሁ።»

«ያን ቀን አልጠጣሁም። ሚስቴ ጠርሙሱን ደብቃብኝ ነበር፣ እግዜር ይይላት።» ኮፍያቸውን አወለቁ። «እናትህ መኪናው ውስጥ አልነበረችም።»

«የት ነበረች?»

«ውጭ። በአንድ እግሯ ቆማ። ጀርባዋን የጋቢናው በር ላይ ለጥፋ፣ በሩን ትገፋለች።»

«ልትደገፍ ይሆናላ። እግሯ ተሰብሮ...»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መኪናው ግን ይነቃነቅ ነበር።»

«ሞተሩ አልጠፋም ነበር?»

«ጠፍቷል።»

«ውስጥ ሰው አዩ?»

«አላየሁም። ልጠጋ ስል "እንዳትመጣ!" ብላ ጮኸችብኝ። እንደዚያ ቆየን... ረጅም ሰዓት። መኪናው ጸጥ ሲል እሷም ራሷን ስታ ወደቀች።»

ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«መኪናው አሁን የት ነው ያለው?»

«ግቢያችን።»

ቴሬሬውን መሬት ላይ ደፉት።

በማግስቱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እናቴ የተኛች መስሎኝ መዶሻዬን አነሳሁ። በሩን አልከፍተውም፤ እብጠቱን ብቻ ከውጭ አስተካክላለሁ አልኩ።

መታሁት። አንድ... ሁለት... ሦስት።

አራት ሰማሁ።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ግን ሜዳ ላይ ምን ገደል አለ?

እንደገና ሁለት መታሁ።

ሦስት ሰማሁ። ሦስተኛው ቀስ ያለ ነው፤ ልክ ከበሩ ማዶ ሰው በጉልበቱ እንደሚነካው።

መስታወቱን አየሁ። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሷል። ሰው በቅርበት ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

መዶሻውን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ አልተኛችም። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በሩን ታያለች።

«መለሰችልህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን ናት እማዬ?»

ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም።

«ማን ናት? ያበድኩ እየመሰለኝ ነው፤ ንገሪኝ!»

«ቀስ በል... ድምፅህን ትሰማለች።» አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «አንቶሊና ናት።»

አንቶሊና የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቴቢኩዋሪ ወንዝ ወሰዳት። አርባ ዓመት ሆነው። አስከሬኗ አልተገኘም።

«መንገድ ዳር ቆማ እጇን አነሳችልኝ። ወዲያው አወቅኳት። ግን ልጅ አልነበረችም ዴርሊስ። አርጅታለች። እኔን አክላ፣ ፀጉሯ ሸብቶ... በሕይወት ብትኖር ልትሆን የምትችለውን ነው የመሰለችው።»

«ታዲያ ያኔ አልሞተች ይሆናል!»

«እኔስ ምን ያልኩ ይመስልሃል? አቅፌያት አለቀስኩ። ቅርጫቱን አንስታ ጋቢና ተቀመጠች። እየሄድን ስለ እናታችን፣ ስለ ልጅነታችን አወራን። ሁሉን ታውቃለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ "ልጅሽ ማንጎው ሥር ነው የሚሠራው፣ አይደል? ወደ እሱ ውሰጂኝ" አለችኝ።» እናቴ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ስለ አንተ ማን ነገራት? ፊቷን አየሁት። አክስት የእህቷን ልጅ ስትናፍቅ እንደዚያ አይደለም። የራበው ሰው ምግብ ሲያይ ነው እንደዚያ የሚሆነው።»

«እና...»

«እና መሪውን ወደ ዛፉ አዞርኩት።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ጭንቅላቷን ተመታ ይሆናል አልኩ። አደጋ የደረሰበት ሰው ብዙ ያያል። በሩ ቢከፈትና ባዶነቱን ብታይ ይሻላታል አልኩ። የተሸፈነ ቁስል አይድንም... እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

በማግስቱ በቀትር፣ ብረት አስገብቼ የጋቢናውን በር ፈነቀልኩት።

ውስጥ ማንም የለም።

ሳቄ መጣ። እፎይ ብዬ ልዘጋው ስል ወንበሩን አየሁት።

ስፖንጁ ወደ ታች ሰርጉዷል። እያየሁት ቀስ... ቀስ... እያለ ተነሳ። ሰው ገና አሁን ብድግ ያለበት ወንበር እንደሚነሳው።

እናቴ ከቤት ውስጥ ጠራችኝ።

«ዴርሊስ! ከፈትከው?»

«አልከፈትኩም እማዬ።»

እናቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። በሩ አላበጠም። መዶሻዬ የመታሁትን ያህል ብቻ ጮኸ። ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ነጭ ቀለም ቀባሁ። ቫኑ ሙሽራ መሰለ።

እኔ ግን ማንጎው ሥር ስሠራ ብቻዬን አልነበርኩም። ዘወር ስል ማንም የለም። ጎንበስ ስል ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል... በጣም በቅርብ፣ የሚያሸት ሰው ትንፋሽ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። በየቀትሩ ግን ከክፍሏ ወሬ መስማት ጀመርኩ። ታወራለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ታወራለች። እንደሚለማመጥ ሰው።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከራሴ ጋር።»

አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ደገንኩ።

«እሱን ተይልኝ» ትላለች። «እሱን ተይው እንጂ፣ ከእኔ የፈለግሽውን ውሰጂ...»

የቀረውን አልሰማሁም። ከዚያ እናቴ መልስ እንደሰማ ሰው «እሺ» አለች። «እሺ። እንደዚያ ይሁን።»

በዚያው ቀን ጠራችኝ።

«ቫኑን ሽጠው። ገዢው በቀትር መጥቶ ይውሰደው። ከመሄዱ በፊት የጋቢናውን በር ወደ ቤት አዙረህ ክፈተው። ትንሽ ቆይተህ ዝጋው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኳትም። ምን እያደረግን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያቺን ሴት በእኔ ፈንታ ለሌላ ሰው እየጫንናት ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ሸክሙ ከበደኝ።

ገዢው ኦስማር ይባላል። አትክልት ነጋዴ ነው፤ ሳቂታ ጎረምሳ። ቫኑን እየዞረ መታ መታ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ መኪና እንዴት ጨክነህ ሸጥከው? ሚስቴ ስታየው እኔን ትታ እሱን ታገባለች!»

«እናቴ ከእንግዲህ አትነዳም» አልኩት።

«የተደበቀ ነገር የለውም አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ በረንዳው ላይ፣ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

«የለውም» አልኩት።

የጋቢናው በር ክፍት ነበር። ሄጄ ስዘጋው ከበደኝ። ቫኑም ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመም ያለ መሰለኝ።

ኦስማር ሞተሩን አስነሳ። ከግቢው ወጥቶ ቀዩን አቧራ እያስነሳ በቀጥታው መንገድ ሄደ። ለመሰናበት ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበልን።

እኔም አውለበለብኩለት።

ከዚያ በቀኙ መስኮት፣ በጋቢናው በኩል፣ ሌላ እጅ ወጣ።

መጀመሪያ የኦስማር መሰለኝ። ግን የእሱ ግራ እጅ ገና ውጭ ነው፤ ቫኑም መስመሩን ሳይለቅ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ይህኛው ቀጭን፣ የተሸበሸበ የሴት እጅ ነው። ቀስ ብሎ ይውለበለባል... ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።

«እማዬ... አየሽ?»



ዞር አልኩ። የእናቴ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል። ከዚያኛው እጅ ጋር እኩል፣ በአንድ ምት ይውለበለባል... ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።

እናቴ ግን መንገዱን አልነበረም የምታየው። ዓይኗን አፍጥጣ የገዛ እጇን ነው የምታየው።

በግራ እጇ አንጓውን ጨምድዳ ይዛ፣ ልታወርደው እየታገለች ነበር።