ያልተቀባው ሰማይ

ሲስተር ከጓሮው የብረት ደረጃ ግርጌ በሆዷ ተደፍታ የተገኘችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ መብራትም ጠፍቷል። የቀለም ሽርጧን እንደታጠቀች ናት። አንዱ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ አለ፤ ሌላው ከላይ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

«አዳልጧት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «በዚህ ዝናብ እኔ ራሴ ልወድቅ ነበር።»

መርማሪዋ አልመለሰችለትም። ሰው ሲያጣድፋት ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ አለቃዋ በዚህ የተነሳ «ግድግዳዋ» እያለ ያማታል። ጎንበስ ብላ አየች። ሟች የወደቀችው በፊቷ ነው፤ ቁስሉ ግን ከማጅራቷ በላይ ነበር። ከደረጃው አጠገብ የአበባ መደቡ ውስጥ ጡጫ የሚያክል የወንዝ ድንጋይ ወድቋል። በጓሮው ውስጥ እሱን የሚመስል ሌላ ድንጋይ የለም። ዝናቡ አጥቦ አጥቦ ከኃጢአቱ አንጽቶታል።

ከሽርጡ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ርሶ ተጣብቋል፤ ልትከፍተው ስትሞክር ጠርዙ ተቀደደባት። «ይድረቅ እንግዲህ» ብላ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ደረጃው የሚያወጣው ወደ አንድ ጣሪያ ያለው ሰገነት ነበር፤ የሲስተር ሥዕል መሥሪያ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል። አንዱን ጠርዝ የወንዝ ድንጋይ ተጭኖታል፤ ሌላው ጠርዝ ግን ተነስቶ በነፋሱ ይርገበገባል። ሥዕሉ ያላለቀ የውሃ ቀለም ነው፤ የተጠጋጉ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከሥራቸው ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሰዎች። ከጣሪያዎቹ በላይ ወረቀቱ ባዶ ነጭ ነው፤ ብሩሽ አልነካውም። ሆኖም ዝናቡ የሚወርደው ከዚያ ነጭ ውስጥ ይመስላል። መርማሪዋ ስለ ሥዕል የምታውቀው ከምንም አይቆጠርም፤ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ሥራዋን ረስታ ቆመች። ከዚያ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ያን ሥዕል ከእሷ ሌላ ማንም እንዳያየው አደረገች።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተኮራርፈው ተቀምጠዋል፦ የሟች ታናሽ እህት፣ አንድ አርክቴክት፣ አንድ ጡረታ የወጣ የሥዕል መምህር። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ሦስት ሥዕሎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። አራተኛው መቆንጠጫ ባዶውን ነው።

«በየቅዳሜው ወጋችን ነው» አለች እህትየዋ፣ ዓይኗ አብጦ። «ሁሉም የየራሱን መስኮት ይይዛል። የሌላውን ሥራ ቀድሞ ማየት ክልክል ነው። ደወል ሲሰማ ሥዕሉን ይሰቅላል፤ ከሥሩ ከልቡ የመጣለትን ሁለት መስመር ይጽፋል። ከዚያ እንተያያለን።»

«ደወሉን የሚደውለው ማን ነው?»

«እሷ ናት። ዛሬ ሳትደውል ቀረች። እኛ ሰቅለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለችም። ልጠራት በጓሮ ብወጣ...» አልጨረሰችውም።

መርማሪዋ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ለማነጋገር ወሰነች። መጀመሪያ እህትየዋን ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት። የእሷ መስኮት እዚያው፣ ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«የጎረቤት አፍ አያርፍም! አዎ ተጣልተናል። ምን እንዳልኳት ልንገርሽ? ብትሞቺ እንኳ ቀብርሽ ላይ የሚወራው ስለ ሥዕልሽ ነው አልኳት።» በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች። «ቀናሁባታ! እናታችን እሷን፣ እንግዳው እሷን። ሆስፒታል ስትሠራ በነርስነቷ በለጠችኝ፤ ጡረታ ስትወጣ ደግሞ ሥዕል ጀመርኩ አለች። ይኸው ትልቁ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ሥራዎችሽን ላሳይልሽ ብሎ ጠራት። እኔ ምን አለኝ?»

«ሥዕልዎ ዳሩ ተቃጥሏል።»

«አልደርቅ ሲለኝ እሳቱ ላይ ያዝኩትና አሳረርኩት። ሌላ ጊዜ በፀጉር ማድረቂያ ነው የምናደርቀው፤ ዛሬ መብራት የለም።»

«ሌላ ሰው እሳት ፈልጎ መጥቶ ነበር?»

«ማንም። እኔም ሥዕሌን እስክሰቅል ድረስ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

አርክቴክቱ ረጅም፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። የሠራው በብዕር ነው፤ መስመሮቹ ግን በረጠበው ወረቀት ላይ ተንዘላዝለው ቤቶቹ ጺም ያበቀሉ መስለዋል። ከሥሩ «ዛሬ መስመሬ አልታዘዘኝም» ብሎ ጽፏል።

«ወረቀቱ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ነው» አለ እያፈረ። «እርጥብ ላይ መስመር ካሰመርሽ ይፈሳል። ቀለምም ያው ነው፤ የታችኛው ሳይደርቅ ሌላ ከደረብሽበት ይዋሃዱና ጭቃ ይሆናል።»

«ከሲስተር ጋር ጓደኛሞች ነበራችሁ?»

«ላገባት ጠይቄያት ነበር። ደግሜም ጠይቄያለሁ።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ጥርሱን አላለፈም። «እሷ አፏ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። መምህሬ እንዲህ አለኝ፣ መምህሬ እንዲያ አለኝ። ቅናት ወንጀል ከሆነ እሰሪኝ። ግን የምቀናው በእሱ ነበር፤ እሷንማ ምን አድርጋኝ!»

የመምህሩ ሥዕል ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ነው። መንገዱ፣ የፊት ለፊቱ ሕንፃ፣ የመስኮቶቹ ጥላ፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ፣ ጠርዙ ሁሉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሌሎቹ ወረቀቶች ተኮማትረዋል፤ የእሱ እንደተተኮሰ ልብስ ተዘርግቷል። ማስታወሻው «ትዕግሥት ብርሃንን ይገዛል» ይላል። መርማሪዋ ጀርባውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«እዚሁ ሳሎን መስኮት ላይ ነው የሠሩት፣ መምህር?»

«እዚሁ፣ የኔ ልጅ። ከመስኮቱ ሳልንቀሳቀስ።»

«ሲስተርን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እጇን ይዤ ብሩሽ ያስጨበጥኳት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን አስተማርኩ፤ ያ አዳራሽ አንድ ቀን ስሜን አልጠራም። እሷን ግን ገና ከጅምሯ።»

«ታዲያ ቀኑባት?»

«ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አይበልጥም ተብሏል።» ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና ድምፁ ዝቅ አለ። «ጎበዝ ነበረች፤ አልዋሽም። ሰማዩን ሳትነካ ትታ፣ ባዶውን ወረቀት ሰማይ ማድረጓ... ይሄ በትምህርት አይመጣም። ድፍረት ነው። እኔ አንድም ቀን አልደፈርኩትም።»

መርማሪዋ ልትወጣ ስትል መተላለፊያው ላይ ቆመች። ግድግዳው በሲስተር የቀድሞ ሥዕሎች ተሞልቷል፤ ሰማያቸው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ተቀብቷል፣ ሰማያዊ፣ አመድማ፣ አንዱማ ጥላሸት ይመስላል።

«ሰማይ አይሆንላትም ነበር» አለች እህትየዋ ከኋላዋ። «ላስተካክል እያለች ደጋግማ ታጠቁረዋለች።»

በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። «ቤቱን የምትወርሰው እህትየዋ ናት፤ ጠዋት ስትሳደብ ጎረቤት ሰምቷል። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ!»

«ነገ ይዤ እመጣለሁ፣ ጌታዬ» አለች መርማሪዋ። ማንን እንደሆነ አልነገረችውም። እህትየዋ ግን የስልኩን ጩኸት ሰምታለች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች።

በማግስቱም ያው ዝናብ ነው። ሦስቱ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። እህትየዋ ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ሸክፋ ከእግሯ ሥር አስቀምጣለች፤ መታሰሯ ያለቀለት ነገር መስሏታል። መርማሪዋ አንድ ንጹህ ወረቀት መምህሩ ፊት ዘረጋች።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይተባበሩኝ፣ መምህር። ይህን ወረቀት ሰማያዊ ይቀቡልኝ። ሲደርቅ በላዩ ላይ አንዲት መስኮት ይሥሉልኛል፤ እንደ ትናንቷ ጠርዟ የጠራ።»

መምህሩ ትከሻውን ነቅንቆ ቀባ። እጁ ውብ ነው፤ ቀለሙ ያለ አንዲት እንከን ተዘረጋ። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስኪደርቅ እናውጋ። ሲስተር አላዳለጣትም። በፊቷ ወድቃ ከኋላዋ አትቆስልም። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት የምትጭንበት ድንጋይ አንዱ የለም፤ አበባው ውስጥ አገኘሁት። አንድ ሰው ወደ ሰገነቱ ወጥቶ፣ ደረጃውን ልትወርድ ፊቷን ስታዞር በዚያ ድንጋይ መታት። በእጁ ይዞት የመጣ ነገር የለም፤ አስቦበት አልወጣም ማለት ነው። ልቡ ነድዶ ነው።»

«ማን ነው?» አለ አርክቴክቱ።

«ሦስታችሁም ቀንታችሁባታል፣ ወይ ስለ እሷ ቀንታችኋል። በቅናት ብቻ ሰው ብይዝ ጣቢያው አይበቃኝም። ስለዚህ ሰዉን ትቼ ሥዕሎቹን ጠየቅኩ። እህትየዋ ከምድጃው አልራቀችም፤ ሥዕሏ እዚያው አርሯል። የአርክቴክቱ ብዕር ተንዘላዝሏል፤ ያን እርጥብ ወረቀት ይዞ ሲታገል ነው የዋለው። ትናንት በዚህ ቤት ውስጥ ዝናቡ ያላስቸገረው ሥዕል አንድ ብቻ ነበር።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ደረቀ?»

መምህሩ ወረቀቱን አየ። ሰማያዊው ያብረቀርቃል።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ።

«እንጠብቀው። መብራት አልነበረም፤ ምድጃው ጋ የመጣ የለም። ያ ሁሉ ድርብርብ ቀለም በምን ደረቀ? እዚህ አልተሠራማ! ቤትዎ ቁጭ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉበት ሰነበቱ። ይህን መስኮት በቃልዎ ያውቁታል። ከእሷ ጎን የሚሰቀል ሥዕል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰው ማምጣት ፈርተዋል። እውነቴን ነው?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። አርክቴክቱ «በየቅዳሜው እንዲህ ስታታልለን ነበር?» ብሎ ሊነሳ ሲል መርማሪዋ በእጇ አስቀመጠችው።

«እናም ሥራ የሌለው ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ ስለ ሌላው ሥራ ያስባል። ክልክሉን ጥሰው ወጡ። ይህን በምን አወቅኩ? እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ። ሰማዩን ሳትነካ ትታ አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያሉትን አይቻለሁ፤ ሲስተር በሕይወቷ ባዶ የተወችው ሰማይ አንድ ብቻ ነው፤ የትናንቱ። እህትየዋ ያገኘቻት ከደረጃው ግርጌ ነው፤ ወደ ላይ አልወጣችም። በሩንም ቆልፌዋለሁ። ያን ነጭ ያየነው እኔና የገደላት ሰው ብቻ ነን።»



«አስቀያሚ ሥዕል ሰቅለው ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ፣ «አንዲት የጨቀየች ቁራጭ ወረቀት ብቻ፣ ምናልባት ዛሬ የምወስደው ሌላ ሰው ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ እንኳ ከእሷ ማነስ አልሆነልዎትም።»

መምህሩ ጣቱን ሰማያዊው ቀለም ላይ አሳረፈ። እርጥብ ነው፤ የጣቱ ዱካ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ያን ነጭ ሳየው...» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «የምትስቅብኝ መሰለኝ። ዕድሜ ልኬን ወረቀት ሳይ ባዶው ያስፈራኛል፤ እሞላዋለሁ፣ እሞላዋለሁ። እሷ ዝም ብላ ተወችው! እንዴት ቻልሽበት ብዬ ጠየቅኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ሰቅለን እነግርሃለሁ ብላ ደወሉን ልትደውል ወደ ደረጃው ዞረች። ከዚያ ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ መሐረቡን አውጥታ ፈታችው። «ይህ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ቢሮዬ መብራት ሥር ደርቆ ነው የተከፈተልኝ። ከሥዕሉ ሥር ልትሰቅለው የጻፈችው ነው። በእርሳስ ስለሆነ ዝናቡ አላጠፋውም።» ለመምህሩ ሰጠችው። አነበበ። ደግሞ አነበበ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ድምፁ ወጣ።

«ሰማዩ እንደ ሁልጊዜው አቃተኝ። እንዳላበላሸው ባዶ ተውኩት። ዛሬ በሁሉም ፊት መምህሬ እጄን ይዞ ይቀባልኝ።»

መርማሪዋ ከሰገነቱ ያወረደችውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መምህሩ ነጩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ሰው ሳይሆን ልማድ እንደሚያንቀሳቅሰው፣ እጁ ወደ ብሩሹ ሄደ።

«ልጨርስላት?»

«እንዳትነካው!» አለች እህትየዋ።

ሻንጣዋን በእግሯ ገፍታ ተነሳች። ማስታወሻውን ከእጁ ነጠቀች፣ ሥዕሉን አነሳች፣ ወደ ገመዱ ሄዳ አራተኛው መቆንጠጫ ላይ ሰቀለችው። ማስታወሻውን ከሥሩ አደረገች። ወደ ኋላ አፈግፍጋ አየችው።

«አምሮብሻል፣ እህቴ» አለች። በሕይወት ሳለች ይህን ቃል ነግራት አታውቅም።