ወንበር ከተረፈ

ቫዮሊን ያዘሉት ልጆች ማለቂያ አልነበራቸውም። አለቁ ሲባል ሌሎች ይመጣሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፣ ሁሉም የመሣሪያ ሣጥን በጀርባቸው ተሸክመዋል፤ የሚሰለፉት ደግሞ ፌንጣና ወንድሟ ከጠዋት ጀምሮ በሚጠብቁት የመሳፈሪያ በር ላይ ነው። ፌንጣ መቁጠር ጀምራ ተስፋ ቆርጣ ተወችው።

«ጋሼ፣ የእሑዱ አውሮፕላን ባዶ ነው አላልክም?» አለችው ወንድሟን።

«ባዶ ነው» አለ። ዓይኑን ግን ከሹራቦቹ ላይ መንቀል አልቻለም። «ሸኚዎች ይሆናሉ።»

ሸኚ አውሮፕላኑ በር ድረስ እንደማይመጣ ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ፌንጣ ግን የተጨነቀ ሰው ላይ ሙድ መያዝ አይገባም ብላ አለፈችው።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «ፌንጣ» ያላት ራሱ ወንድሟ ነው፤ በልጅነቷ ደረጃ አንድ በአንድ መውጣት አይሆንላትም ነበር። እሱ በአየር መንገድ ውስጥ የመቀመጫ ልብስ ሰፊ ነው። የተቀደደው፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ ሕፃን ያስታወከበት የወንበር ልብስ ሁሉ ተገፍፎ የእሱ ስፌት መኪና ዘንድ ይመጣል። ሥራው ከደሞዙ ሌላ አንድ ጥቅም አለው፤ በዓመት አንዴ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይዞ በትንሽ ክፍያ መብረር ይችላል። ታዲያ ይሄ የሠራተኛ ትኬት እንደ ሌላው ሰው ትኬት አይደለም። ወንበር ከተረፈ ትሄዳለህ፣ ካልተረፈ ትቀራለህ። ንጹህ ትለብሳለህ፣ ጥግህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ እስክትጠራ አትጠይቅም፣ ብትቀርም አታጉረመርምም። ወንድሟ ይህን ሕግ ከመነሳታቸው በፊት እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሏ አስጠንቷታል።

እሑድ መመለስ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው፤ የደረሰበትም በገዛ ምርምሩ ነበር። እሑድ ከሰዓት ከዚህ የውጭ አገር ከተማ የሚነሳው አውሮፕላን አገር ቤት ደርሶ ሰኞ ለፍተሻ ይገባል። የወንበር ልብሶቹን በየሳምንቱ የሚያየው እሱ ነው፤ ሁልጊዜም ንጹህ ናቸው። ቅባት የላቸው፣ ፍርፋሪ የላቸው። «ሰው ቢቀመጥበት እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ለፌንጣ አስረድቷት ነበር፣ አፉን ሞልቶ። እሷም አመነችው።

ቤት ውስጥ የተነሳው ጭቅጭቅ ግን ስለ ወንበር አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ፌንጣ የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና አለባት። አባቷ መምህር ነው። ወንድሟ ትምህርቱን መጨረሻው ላይ አቋርጦ ስፌት ከገባ ወዲህ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ የሚነጋገሩት ግን በእናቷ በኩል ነው፤ «ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» እስከማለት ደርሰዋል። እናቷም እንደ አስተርጓሚ ግራና ቀኝ ስትዞር አንገቷን ሊያማት ነው። ስለ ጉዞው ብቻ ፊት ለፊት ተነጋገሩ።

«የራስህን ትምህርት አበላሸህ፤ የእሷን ደግሞ ልታበላሽ ነው?» አለ አባቷ።

«አጥንታ ጨርሳለች። እሑድ ማታ እዚህ ናት» አለ ወንድሟ። «በእኔ ይሁንብህ።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። «ጨርሻለሁ» አለች ፌንጣ።

ከሰባቱ ምዕራፎች የጨረሰችው ሁለቱን ነበር። የቀረውን ከመነሳታችን በፊት እጨርሰዋለሁ ብላ ነው። ከዚያ አውሮፕላን ውስጥ አለች፣ ከዚያ ማረፊያ ቤት አለች፤ መጽሐፉ ከቦርሳዋ ሳይወጣ ከተማውን አብሯቸው ጎበኘ።

ከተማውስ ቢሆን መጽሐፍ የሚያስከፍት አልነበረም። ቅዳሜ በጀልባ ወንዙን ዞሩት፤ ፌንጣ በየድልድዩ ሥር ስታልፍ እጇን እያነሳች ድንጋዩን ልትነካ ትሞክር ነበር። ማማው ላይ ወጥተው ጣሪያውን ሁሉ ከላይ አዩት። ወንድሟ ግን ወደ ሩቅ ማየቱን ትቶ የሚያየው ወንበር ነው። ባቡር ውስጥ የመቀመጫውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ስፌቱን ሲመረምር ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ጠጋ ብለው ቦርሳቸውን አቀፉ። «ሼም ነው ጋሼ፣ ተው» አለችው። ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የድሮ ንጉሥ ዙፋን አየና ከገመዱ አልፎ አንገቱን አሰገገ፤ ጠባቂው መጥቶ እንደ ትንሽ ልጅ ገሠጸው። ፌንጣ በሳቅ ፈርሳ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ከወንድሟ ጋር እንዲህ ሙሉ ቀን ስቃ አታውቅም። ቤት ውስጥ እሱ ዝምተኛ ነው፤ አባቷ ባለበት ክፍል ሳቅ የሚበዛ ሰው አይደለም።

አሁን ግን እሑድ ነው፤ የመጨረሻው ሹራብ ለባሽም ገባ። ወንድሟ አላስችል ብሎት አገር ቤት ላለ የሥራ ጓደኛው ደወለ። ስለ እሑዱ በረራ ጠየቀው፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ቀልቷል።

«ምን አለህ?»

«ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው ፈረቃ» አለ ወለሉን እያየ፣ «የዚህን አውሮፕላን የወንበር ልብስ እሑድ ማታ እንዳረፈ በአዲስ ይቀይረዋል አሉ። ንጹህ የሚሆነው ለዚህ ነው። እሑድ ጢም ብሎ የሚሞላ በረራ ነው።»

ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማለት እሱ ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፌንጣ ይህን ወሬ ለዓመት ታላግጥበት ነበር። አሁን ግን አንጀቷን በላት።

በሩን የምትቆጣጠረው አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረች ሴት ናት፤ የእነሱው አየር መንገድ ሠራተኛ በመሆኗ ቋንቋቸውን ትናገራለች። በእጇ ምልክት ጠራቻቸው። አንድ ወንበር ብቻ መትረፉን፣ የሚቀጥለው በረራም ነገ ከሰዓት መሆኑን ነገረቻቸው። ፌንጣ በዕድሜዋ ብቻዋን እንድትበር ደንቡ ይፈቅድላታል። ከፈራች ግን የሚያስገድዳት የለም፤ ለትምህርት ቤቷ በበረራ ምክንያት ቀረች የሚል ማስረጃ ይጻፍላታል።

«ቶሎ ተመካክራችሁ ንገሩኝ፤ ልዘጋው ነው» አለች።

ማስረጃ የሚለውን ስትሰማ የፌንጣ ልብ ዘለለ። ትምህርት ቤታቸው በማስረጃ የቀረ ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለብቻው ይፈተናል። አምናም አንዷ ጓደኛዋ እግሯን ተሰብራ እንዲህ ነው የተፈተነችው። ሁለት ሳምንት! አምስቱን ምዕራፍ ሁለቴ ታጠናቸዋለች። ከእሷ የሚጠበቀው «ፈራሁ» ማለት ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ብቻዋን በርራ አታውቅም።

ወንድሟ ፊቷ ቁጢጥ አለ። «ፌንጣዬ፣ ከፈራሽ ፈራሁ በይ። አብረን እዚሁ እናድራለን።»

«አባዬስ?»

«አባዬን ለእኔ ተይው። ከእስከዛሬው የባሰ ምን ሊለኝ ነው?» ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ፌንጣ አባቷ የሚለውን ታውቀዋለች። ምንም አይልም። «አላልኩሽም?» ብሎ ወደ እናቷ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ጨውም በእናቷ በኩል መጠየቁ ይቀራል። ያን ዕለት ወንድሟ «በእኔ ይሁንብህ» ሲል አባቷ ጥቂት አሰብ አድርጎ «እሺ» ብሎ ነበር። ስንት ዘመን ሆኖታል የልጁን ቃል ተቀብሎ «እሺ» ካለ! ፌንጣ ያኔ ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን ደስ እንዳላት ግን አላሰበችበትም። ወንድሟ ዋስ የገባው ለእሷ ውሸት ነው።

«አልፈራሁም» አለች። ቀጥላም ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ አወጣችው። «ጋሼ፣ አላጠናሁም።»

«ምኑን?»

«ሒሳቡን። ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው ያየሁት። ያኔም ጨርሻለሁ ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው።»

ወንድሟ ቁጢጥ ካለበት ተነስቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፌንጣ ምነው በተቆጣኝ አለች በልቧ።

«ሸወድሽኝ» አለ በመጨረሻ። «አባዬ የፈራው እኔ እንዳልጥልሽ ነበር፤ የጣልሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ቅሪ። ማስረጃውን እንቀበልና ሁለት ሳምንት ታገኛለሽ። ሄደሽ ብትወድቂ እኮ 'ከተማ ሲያዞራት ከርሞ' ነው አባዬ የሚለው። ብትቀሪም በእኔ ነው፣ ብትሄጂም በእኔ ነው። ቢያንስ አንቺ ማለፍ አለብሽ።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። መሄዷ ብቻውን ሁሉን ነገር የሚያስተካክል መስሏት ነበር። እሱ ደግሞ አሁንም፣ ከሸወደችውም በኋላ፣ የሚያስበው ለእሷ ነው። ፌንጣ አፈረች።

ሻርፕ ያሰረችው ሴት ሰዓቷን አየች።

«ሄጄ ብነግረውስ?» አለች ፌንጣ። «ከጉዞው በፊት እንዳላጠናሁ። አንተም እንደማታውቅ።»

«ክረምቱን ሙሉ ከቤት አትወጪም።»

«ይሁን።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ ልክ የባቡሩን ስፌት እንዳየው፣ ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስቶ ትከሻዋ ላይ አደረገላትና ማሰሪያውን አሳጠረላት። ስትደርስ ከማንም ጋር እንዳትሄድ፣ ውሃ እንድትጠጣ፣ ቀበቶዋን እስከመጨረሻው እንዳትፈታ ነገራት። አላቀፋትም፤ አናቷን ብቻ ገፋ አደረጋት።

ወንበሯ በመስኮት በኩል ነበር። ከጎኗ አንድ ባለ ሹራብ ልጅ የቫዮሊን ሣጥኑን የት እንደሚያስገባው ግራ ገብቶት ከላይኛው መደርደሪያ ጋር ይታገላል። አስተናጋጇ ስልክ ይዘጋ እያለች ከኋላ መምጣት ጀመረች። ፌንጣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ መደወል እንዳለባት ታውቃለች፤ አገር ቤት ገብታ አባቷን ፊት ለፊት ስታየው ወኔዋ እንደሚከዳት ራሷን ታውቀዋለች። ደወለች።

አባቷ ወዲያው አነሳው። አንድ ወንበር ብቻ መገኘቱን፣ ብቻዋን እየመጣች መሆኑን ነገረችው። ከዚያ ሌላውን ነገረችው። «ጋሼ አያውቅም ነበር፤ ሁለታችሁንም ነው የዋሸሁት» የሚለውንም አልዘለለችውም።

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማት።

«ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?» አለ።

«አምስት።»

«ከሦስተኛው ጀምሪ። መልመጃውን ተይው፣ ምሳሌዎቹን ብቻ ሥሪ። መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ያልገባሽን መኪና ውስጥ ትነግሪኛለሽ። ስለ ውሸቱ ከፈተናው በኋላ እንነጋገራለን፤ ረሳሁት እንዳይመስልሽ።»

«እሺ አባዬ።»

ይዘጋዋል ብላ ጠበቀች። አልዘጋውም።

«እሱስ?» አለ አባቷ።

«ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ። የት ሊያድር ነው?»

«እዚሁ አውሮፕላን ጣቢያ ይመስለኛል። አልነገረኝም።»

«የበላው ነገር አለ?»

ፌንጣ አላወቀችም። አለማወቋም አሳፈራት። ጠዋት የነበራቸውን ምግብ የሰጠው ለእሷ ነበር። «አይመስለኝም» አለች።

«በይ ዝጊ» አለ አባቷ፤ ዘጋውም።

አስተናጋጇ አጠገቧ ደርሳ ስልኩን በአገጯ አመለከተቻት። ፌንጣ አጠፋችውና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ወንድሟ በጣቢያው ትልቅ መስታወት ኋላ ቆሟል፤ የትኛው መስኮት የእሷ እንደሆነ ስላላወቀ ዓይኑን በሁሉም ላይ እያንከራተተ ነበር። እጇን አወዛወዘችለት፤ አላያትም። ድንገት እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ። ማን እንደሚደውል አየ፤ አየና አየና ቆየ። ፌንጣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጠፈች።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። መጀመሪያ አዳመጠ፤ ከዚያ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ አንድ እጁን እያወናጨፈ፣ መናገር ጀመረ።

አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ገና እያወራ ነበር። ፌንጣ ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣችና ሦስተኛውን ምዕራፍ ገለጠች።