ሱቅ በደረቴ እና የአባዬ አደራ

እዚያ አገር በር ራሱን ይቆልፋል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አገር ቤት በር የሚቆለፈው ሰው ሲቆልፈው ነው፤ ገርበብ አድርገሽው ትወጫለሽ፣ እንደተውሽው ቆሞ ይጠብቅሻል። ያን ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ብዬ በነጠላ ጫማ፣ ያልደረቀ ፀጉሬን በፎጣ ጠቅልዬ ብቅ እንዳልኩ ከኋላዬ «ጠቅ!» አለ።

ያኔ ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው አመሻሽ ላይ ነው። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ፤ ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል። ቁልፌ፣ ስልኬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የአውቶቡስ ካርዴ፣ ሁሉም ውስጥ ቀርተዋል። በሩን በእጄ ደበደብኩት። በእግሬም ብመታው የታመመው የራሴ ጣት ሆነ። ከዚያ በኋላ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት።

«አንቺ፣ በሩ ምን አደረገሽ?» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

ዞር ብል ደረጃው ላይ ቀለም የተረጫጨበት ቱታ የለበሰ ረጅም ልጅ ቆሟል። የሕንፃውን ግድግዳ ሊቀባ የመጣ ቀለም ቀቢ ነው። በራሴ ቋንቋ ሲያናግረኝ ፎጣዬን ረስቼ ልጠመጠምበት ምንም አልቀረኝም።

«ተቆልፎብኝ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ውስጥ።»

«ስልክሽስ?»

«እሱም ውስጥ።»

«ልብሽስ የት ነበር?»

«አገር ቤት» አልኩት፣ ሳላስበው።

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ቦርሳውን ከትከሻው አወረደና ደረጃው ላይ ከፈተው። በመጀመሪያ ሹራብ አወጣ፣ «ልበሺው፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ደረቅ ካልሲ፣ ቀጥሎ ብስኩት። እሱ ሲፈልግ እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ ጃንጥላ አለ፣ ቻርጀር አለ፣ የራስ ምታት ክኒን አለ፣ መርፌና ክር እንኳ አለ።

«ሱቅ በደረቴ ነህ እንዴ?»

«ጠዋት ከወጣሁ የምገባው ማታ ነው። የረሳሁትን የምዋሰው ጎረቤት የለኝማ» አለኝ። ሲናገር አላማረረም፤ ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነበር ድምፁ። ከዚያ ስልኩን ዘረጋልኝ። «በይ፣ ለእህትሽ ደውዪላት።»

ስልኩን ተቀበልኩና ጣቴ አየር ላይ ቀረ። የእህቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም! ስልኬ ያውቀዋል፣ እኔ አላውቀውም። በዓለም ላይ በቃሌ የማውቀው የአባዬን የልብስ ስፌት ቤት ስልክ ብቻ ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየሮጥኩ ሳነሳው ያደግኩትን።

እናም በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ብቻ የምትርቀኝን እህቴን ለማግኘት ባሕር ተሻግሬ አገር ቤት ደወልኩ።

«አባዬ፣ የእህቴን ቁጥር ንገረኝ።»

«አብራችሁ አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

«በር ተቆልፎብኝ ነው።»

«ማነው የቆለፈብሽ?»

«በሩ ራሱ።»

«ጉድ ነው! ይሄስ ስልክ የማን ነው?»

«የ… የቀለም ቀቢው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ያንን የአባዬን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ደንበኛን ከላይ እስከ ታች ሲያይ እንደዚያ ነው። «እስቲ አቅርቢልኝ» አለ።

ቀለም ቀቢው ኮፍያውን አውልቆ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለና ወደ መስኮቱ ራቅ አለ። «አቤት አባባ… ኧረ ምንም አይደለም… እሺ… እሺ አባባ፣ ቃሌ ነው» ሲል ብቻ ሰማሁ። የእህቴን ቁጥር ሲነገረው የሚጽፍበት ስላጣ ባልደረቀው ግድግዳ ላይ በጣቱ ጻፈው። እህቴ ተደውሎላት ቁልፍ ይዛ እስክትደርስ ድረስ እኔ የሱን ብስኩት እየበላሁ፣ እሱ ቁጥሩን መልሶ እየቀባ ቆየን።

ከዚያ ወዲህ የእሱ የምሳ ሰዓትና የእኔ ወደ ሥራ መሄጃ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይገናኙ ጀመር። ከሰላምታው በፊት ፍተሻ አለ።

«መኖሪያ ፈቃድ?»

«አለ።»

«ቁልፍ?»

ጆሮው ሥር አንሿሿሁለት።

«ካርድ? ቻርጀር?»

«አለ፣ አለ። ጉምሩክ ብትቀጠር ያዋጣህ ነበር።»

«ጃንጥላስ?»

«ኧረ ፀሐይ ነው! ሰማዩን አታይም?»

«የዚህን አገር ሰማይ ታምኚዋለሽ?» ይላል፤ ሳይጨርስ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል።

እኔ እጄን እያወዛወዝኩ መሄድ የምወድ ሰው ነኝ። አገር ቤት እያለሁ ስወጣ የምይዘው ራሴን ብቻ ነበር፤ ከጠማኝ የሰው ቤት አንኳኩቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከመሸብኝ የሚሸኘኝ አላጣም። ሰው አገር ግን ሰው የሚሆንሽ የያዝሽው ነገር ነው። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ትምህርቱን ግን ቶሎ መጨረስ አልፈለግኩም። አንዳንድ ቀን ጃንጥላዬን ሆን ብዬ አልጋዬ ላይ ትቼው እወጣለሁ፣ ከቦርሳው የራሱን ሲያወጣልኝ ለማየት።

ወደድኩት። ሌላ ምን ብዬ ልናገረው? ጥፍሩ ሥር የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ሳይቀር ወደድኩት።

አንድ ቀን ዶፍ ወረደና በአንዲት ጃንጥላ ሥር ቆምን። ትከሻዬ ክንዱን ነካው። እሱ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎ ራሱ ወደ ዝናቡ ወጣ።

«ኧረ ጠጋ በል፣ በሰበስክ እኮ!»

አየኝ። ረዘም ያለ፣ የሚያሳሳ አስተያየት ነበር። ከዚያ ዓይኑን መንገዱ ላይ ጣለና «ደህና ነኝ፣ እህቴ» አለኝ።

እህቴ! ሥራ ቦታ የደረስኩት ከእንፋሎቱ ፊት ቆሜም እየበረደኝ ነው። ማታ ለታላቄ ብነግራት ድስቷን እያማሰለች፣ «ወይ ሚስት አለው፣ ወይ አልወደደሽም። ወንድ ልጅ የወደዳትን ሴት እህቴ አይላትም» አለችኝ። የፈራሁትን ነው ቁጭ ያደረገችልኝ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አሠሪው ሌላ ከተማ፣ በባቡር ሩቅ ቦታ፣ ትልቅ ሥራ አገኘ። ሱቅ በደረቴ ነገሩን የነገረኝ ፌርማታው ላይ ቆመን ነው።

«መቼ ትመለሳለህ?»

«እዚያው ሳልቀር አልቀርም።»

«እና እኔስ?»

«አንቺማ ሁሉን ይዘሽ መውጣት ለምደሻል» አለ፤ ጫማውን ነው የሚያየው።

«ምንም የምትለኝ ነገር የለም?»

ቀና አለ። ዓይኑ የሚለው ሌላ ነው፣ እምላለሁ ሌላ ነው! አፉ ግን «እህትሽን ሰላም በይልኝ» አለ። አውቶቡሱ መጣና ገባሁ። በመስኮቱ ሳየው ቦርሳውን አቅፎ እዚያው ቆሟል።

የሚሄድበት ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓቴ ልብስ ማስጫው ጓሮ ወጥቼ አባዬ ጋ ደወልኩ፤ ድምፁን ብሰማ ይሻለኛል ብዬ ነው። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። ከዚያ፣

«ወንድምሽስ ደህና ነው?» አለኝ።

«የምን ወንድም?» እኛ ቤት ሁለት ሴቶች ብቻ ነን።

«ቀለም ቀቢው ነዋ! እሑድ እሑድ ይደውልልኛል እኮ። አልነገረሽም? በሩ የተቆለፈብሽ ዕለት አደራ ብዬዋለሁ። ‹ልጄ ለአገሩ እንግዳ ናት፣ እንደ እህትህ አድርገህ ያዝልኝ፣ የሰማይ የምድር አደራ› አልኩት። እሱም ቃሉን ሰጠኝ። ድምፁን ለክቼዋለሁ፤ አደራ የሚበላ ሰው አይደለም።»

የተሰጣውን አንሶላ ተደግፌ ቆምኩ። ለካ ዝናቡ ውስጥ የወጣው ለዚህ ነው። ለካ እህቴ ያለኝ ለዚህ ነው። ወዶኝ፣ አደራ እንዳይበላ ብሎ ሊሄድ ነው!

አባዬ ዛሬ በሕይወት የለም። የስፌት ቤቱ ቁጥር አሁንም በቃሌ አለ፣ የሚያነሳው ግን ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴ ሳስበው ከአባዬ ጋር እውነተኛ ወሬ ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። እኛ ቤት የልብ ነገር አባት ፊት አይነሳም። ብቻዬን ቆሜ እንኳ ፊቴ ጋለ።

«አባዬ… አደራህን አንሳለት።»

«ምን አልሽ?»

«እንደ ወንድም አልፈልገውም።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«አባዬ? ተቆጣህ?»

«ቆይ እስቲ፣ እየለካሁ ነው» አለ። ቆየና ደግሞ፣ «እሱስ?» አለኝ።

«እሱ ላንተ የገባውን ቃል ይዞ ሊሄድ ነው። ዛሬ። አሁን።»

«ታዲያ እዚያ ተገትረሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሩጪና አቅርቢልኝ እንጂ!»

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ሮጥኩ። አባዬ መስመሩ ላይ ነው፤ «ደረስሽ?» ይላል፣ «ቀስ በይ፣ መኪና!» ይላል። ባቡር ጣቢያው ስገባ ሱቅ በደረቴ አግዳሚው ላይ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያየኝ መርዶ የተነገረው ያህል ደንግጦ ብድግ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

ትንፋሼ አላናገረኝም። ስልኩን ብቻ ሰጠሁት።

«አቤት አባባ… አዎ፣ እዚሁ ናት… ምን? እሷ ናት ያለችው?» ኮፍያውን አወለቀ። «እኔማ አባባ… እኔማ…» ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «ካየኋት ቀን ጀምሮ» አለ።

ለእኔ ያላለኝን ለአባዬ ሲለው ቆሜ ሰማሁ። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ብዙ አዳመጠ። ሲጨርስ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ባቡሩ ከሩቅ ይሰማል።

«ምን አለህ?»

«‹ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ አይደለህም› አሉኝ።»

«ታዲያ ምኗ ነህ አለህ?»

«እኔም ጠየቅኳቸው። ‹እሱን እሷን ጠይቃት› አሉኝ» አለና፣ አንድ እርምጃ ቀረበኝ። «እና፣ ምንሽ ነኝ?»

ባቡሩ መጣ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ እኛን እንደቆምን ትቶን ሄደ። መልሱን እስከ ዛሬ እየነገርኩት ነው።