የአስር አለቃው ቀኝ ጆሮ

«ተገኘ!» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወንጌላዊት፣ ከመደርደሪያው አናት ያወረደችውን ማህደር እፍ እያለች። አቧራው እድላዊትን አስነጠሳት፤ እሷ ግን ሳቀች። ከአያቷ ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ በደብረ ማርቆስ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት ለዚህ ማህደር ነበር።

አያቷ አስር አለቃ እንዳላማው ከጦሩ የተሰናበቱበት ወረቀት ጠፍቷል። ያለ እሱ ደግሞ የነባር ወታደሮች የነፃ ሕክምና ደብተራቸው አይታደስም።

ማን እንዳጠፋው እድላዊት ታውቃለች፤ ራሷ ናት። ለታሪክ መምህሬ ላሳይ ብላ ሳታስፈቅድ ከሳጥናቸው አወጣችውና ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ጥላው ወረደች። የዚያኑ ዕለት፣ አክስቷ አገሬ እንዳትሰማ፣ መደቡ ላይ ከጎናቸው ጠጋ ብላ የሆዷን ሁሉ በሹክሹክታ ዘረገፈችላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን ልጄ፣ ይሁን» አሉና ጉንጯን ዳበስ አደረጓት። በማግሥቱ አገሬ ስትጠይቅ «እኔው ነኝ የጣልሁት፤ የት እንዳኖርሁት እንጃ» አሉ። እንዲህ ያለ ምስጢረኛ ከየት ይገኛል? ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው እጥፍ ሆነባት። ጧት ጧት ጫማቸውን የምትወለውለውም ለዚሁ ነው።

ወንጌላዊት ከማህደሩ አንድ የወየበ ወረቀት አውጥታ አነበበች። «የሕክምና ቦርድ ውሳኔ። በመድፍ ፍንዳታ ምክንያት ቀኝ ጆሮው ሙሉ በሙሉ መስማት የተሳነው…» ቀና አለች። «አባቴ፣ ቀኝ ጆሮዎ እስካሁን አይሰማም?»

አስር አለቃው ማህደሩን ማየታቸውን ቀጠሉ። ወንጌላዊት ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ በግራቸው በኩል ደገመችላቸው።

«እሱማ ሐረርጌ ቀረ» አሉ ፈገግ ብለው። «ለሰው አልናገርም። ደንቆሮ ከምባል ‹ይሁን፣ ይሁን› እያልሁ እኖራለሁ። ማን ይጣላኛል?»

ወንጌላዊት ሳቀች። እድላዊት ግን ክው አለች። ያን ዕለት በየት በኩል ነበር የተቀመጠችው? በቀኝ። ሁልጊዜም በቀኝ ነው፤ መደቡ ላይ በግራቸው በኩል ግድግዳው ነው።

«እኔን የሚያሳስበኝ ጆሮዬ አይደለም» ቀጠሉ አያቷ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከአርባ ዓመት በላይ የያዝሁትን ወረቀት የት እንደጣልሁ አለማወቄ ነው። አባቴንም መርሳት የጀመራቸው እንዲህ ነበር። የሳጥኑን ቁልፍ ለአገሬ ማስረከብ ሳይሻል አይቀርም።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም፤ ሲታጠቡ ብቻ ነው፤ እድላዊትም ያኔ ነበር የወሰደችው። አሁን አንገታቸው ላይ ሲዳብሱት አየቻቸው።

ወንጌላዊት ከዚያው ማህደር ያገኘችውን የመሰናበቻ ወረቀት ኮፒ ማኅተም መትታ ሰጠቻቸው። ጉዳዩ አለቀ። ወረቀቱም ተገኘ፤ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ላሽ በይው፣ አለች ለራሷ፣ ሼም ነው። ግን ከዚያ ቁልፍ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

በረንዳው ላይ አያቷ እፎይ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው በቀኛቸው በኩል ቦታ ለቀቁላት። እድላዊት ዞራ በግራቸው ተቀመጠች።

«ምነው ልጄ፣ እዚያ'ኮ ፀሐይ ነው።»

«ይሁን» አለች እድላዊት። ከዚያም ወደ ግራ ጆሯቸው ጠጋ አለች፤ አሁን ግን አላንሾካሾከችም።

«አባባ፣ ወረቀቱን የጣሉት እርስዎ አይደሉም።»