በጉም ቀን የመጣ ምች

የሺሃረግ ነርስ ነበረች፤ ለሥራ ሮቤ መጥታ እማማ ፈርዶሳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሯ ተሰብሮ ሲገባ ሬሳዋ መሬት ላይ ተገኘ። አጠገቧ የከሰል ምድጃ አለ። መስኮቷና የበሯ ስንጥቅ በጨርቅ ተጠቅጥቀዋል።

«ከሰሉን አያይዤ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ፈርዶሳ ለኢንስፔክተር ቀመር። «ኢናሊላሂ! በብርድ እንዳትሞትብኝ ብዬ ገደልኳት።» ጎረቤቱም ከወዲሁ ይህንኑ ያወራ ጀመር፤ የሰው አፍ መቼ ያርፋል።

ቀመር ጥድፊያ የማታውቅ ሴት ናት። «መስኮቱን ለምን ደፈነችው?»

«ሰው ያየኛል ትል ነበር። ስበላም፣ ስጸልይም፣ ልብሴን ስቀይርም ያየኛል አለችኝ። ማን ሥራ ፈቶ ያይሻል ብዬ ሳቅሁባት።»

ከሟቿ ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት ተከራዮች አሉ። ሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠራው አያና «ከሰል አላነድም፤ ደህና ተኝቼ አደርኩ፤ ምንም አልሰማሁም» አለ። መምህሩ ሚኪያስ ግን ራሱን በሻሽ አስሮ፣ እማማ ፈርዶሳ የጨመቁለትን ዳማከሴ በስኒ ይዞ ተቀምጧል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ቀመር።

«ምች መታኝ። ሲያስመልሰኝ አደረ።»

«ከሰል ታነዳለህ?»

«የለኝም። የምበላውም ሆቴል ነው።»

ቀመር የሁለቱንም ክፍል ግድግዳ በመዳፏ ስትዳብስ ቆይታ ወጣች፤ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እማማ፣ ምች በምንድን ነው የሚመታው?»

«በፀሐይ ነዋ።»

«ፀሐይ ካየን ሰነበትን።»

ሁሉም ቀና አሉ። ጉሙ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተኝቷል።

«ራስ የሚፈልጥ፣ የሚያስመልስ ሌላ ነገር አለ፤ የከሰል ጭስ። አያና ከሰል የለውም፣ አልታመመም። ሚኪያስም የለውም፣ ታመመ። ታዲያ ጭሱ በየት ገባ ብዬ ፈለግሁ። ሚኪያስ ክፍል ከተሰቀለው ካላንደር ጀርባ ወደ እሷ ክፍል የሚያሳይ ቀዳዳ አለ፤ ከእሱ በኩል በካልሲ ተወትፏል። እሷ ብታውቀው ኖሮ እንደ መስኮቱ ራሷ ትደፍነው ነበር። መስኮቱንም ያስደፈናት የእሱ ዓይን ነው። ትናንትም ቀዳዳው ላይ ተለጥፎ ሲያይ ጭሱን ሳበው፤ ሲያመው ወተፈው።» ወደ ሚኪያስ ዞረች። «ስትወድቅ አይተሃል።»

ሚኪያስ አንገቱን ደፋ። «ብጮህ… እንዴት አየሃት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እማማ ፈርዶሳ ስኒውን ከእጁ ተቀብለው ዳማከሴውን መሬት ላይ ደፉት። «ግድግዳውን አንዴ ብትደበድበው እነሳ ነበር እኮ። የአሮጊት እንቅልፍ ቀላል ነው።»

ሚኪያስን ፖሊሶች ይዘውት ሲሄዱ ቀመር እማማ ፈርዶሳ አጠገብ ተቀመጠች። «የእርስዎ ከሰል ጥፋት የለበትም፣ እማማ።»

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉ እንባቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ። «የሳቅሁባት ግን እኔ ነኝ።»